የሳሎን አበባ በክረምት ሲታመም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሐምሌና ነሐሴ ለአዲስ አበባ የሳሎን አበቦች ከባድ ወራት ናቸው። ፀሐይ ለቀናት ትጠፋለች፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ አፈሩ አልደርቅ ይላል። ተክሉ እድገቱን ገታ አድርጎ የሚጠጣውን ውሃ ሲቀንስ እኛ ግን በበጋው ልማድ ማጠጣታችንን እንቀጥላለን። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ከሥር በኩልም ለስልሷል

ስኔክ ፕላንት (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው)፣ ዚዚ ፕላንት (ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ያለው) እና እሬት ላይ የሚበዛ ነው። ቅጠሉን ሳብ ስታደርጉት ሳይታገል እጃችሁ ላይ ከቀረና የበሰበሰ ጎመን ከሸተተ፣ ሥሩ በውሃ ታፍኖ በስብሷል። ጠውልጎ ስለሚታይ «ውሃ ጠምቶት ነው» የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ አትስሙት።

ከዕቃው አውጥታችሁ አፈሩን አራግፉ። ጤነኛ ሥር ጠንከር ያለ ነው፤ ጠቁሮ የሚልመጠመጠውን በንጹህ ቢላዋ ቁረጡ። ቁስሉ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ ሲሶው ሻካራ አሸዋ በሆነ አፈር፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ዕቃ ትከሉትና ለሳምንት ያህል ውሃ አታሳዩት። ሥሩ ሁሉ ካለቀ ከስኔክ ፕላንቱ አንድ ጤነኛ ቅጠል ቆርጣችሁ፣ ላይና ታቹን ሳታገላብጡ እርጥበት ያለው አሸዋ ውስጥ ሰኩት። ወራት ይፈጃል እንጂ ሥር ያወጣል። እሬት ግን በቅጠል እሺ አይልም፤ ከጎኑ የሚወጣውን ቡቃያ ነው የሚተክሉት።

ወደፊት ከማጠጣታችሁ በፊት፣ ዳቦ መብሰሉን እንደምናይበት ደረቅ ስንጥር እስከ ታች ሰክታችሁ አውጡ። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ገና ነው። የእኔ ስኔክ ፕላንት ክረምቱን ሙሉ ሁለቴ ቢጠጣ ነው።

ትንንሽ ዝንብና ነጭ ሻጋታ

መጀመሪያ የምጠረጥረው የቡና አተላውን ነው። ጀበናውን አጥቦ አበባው ላይ መድፋት እናቴም ቤት ያለ ልማድ ነው። በበጋ ቶሎ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ይሻግታል፣ ዝንቦቹም እርጥቡ አፈር ውስጥ ይፈለፈላሉ። የላዩን ሁለት ጣት ያህል አፈር ጠርጋችሁ ጣሉና በደረቅ አሸዋ ተኩት። ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ውሃም ድፉ።

ግንዱ ረዘመ፣ ቅጠሉ ሳሳ

ብርሃን አጥሮት ነው፤ ፖቶስ (የልብ ቅርጽ ቅጠል ያለው ሐረግ) ላይ ቶሎ ይታያል። ወደ መስኮት አስጠጉት፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ የተመዘዘውን ቁረጡና ውሃ ውስጥ አድርጉት፤ ሥር ያወጣል። ግን ቅጠሉ መስታወቱን አይንካ። ሌሊት ብርዱ ከመታው መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። አንድ ስንዝር መራቅ ይበቃል።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ

ኢንተርኔት ላይ «ውሃ እርጩበት» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ያ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ላለችው እህቴ የተጻፈ ነው፤ የእሷን ቤት አየር ማሞቂያው ያደርቀዋል። የእኛ ክረምት ግን እርጥበት ሞልቶታል፣ ብትረጩ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ታመጣላችሁ። እዚህ ጫፉ ከደረቀ ስንጥሩን ሰክታችሁ ሥሩን መርምሩ።

ማዳበሪያ መጨመሩና ጤነኛውን ተክል ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወሩ መስከረም አልፎ ፀሐይ እስክትመለስ ይቆይ። የጳጉሜን ዝናብ ግን እኔም አላስቀርባቸውም፤ አንድ ሰዓት ደጅ አውጥቼ፣ አቧራቸው ሲታጠብ ውሃውን አንጠፍጥፌ አስገባቸዋለሁ።