«ሪተርን ቱ ሆም» ገደል አያይም፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ድሮን ስታበሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሮን ማብረር የተማራችሁት ሜዳ ላይ ከሆነ ጣርማበር ስትደርሱ ከምታውቁት ግማሹን እርሱት። ሜዳ ላይ «ሪተርን ቱ ሆም» የሚባለው ቁልፍ ተአምር ነው የሚመስለው። ትጫኑታላችሁ፣ ከፍ ይላል፣ ይመጣል፣ ያርፋል፣ አለቀ። ከደብረ ብርሃን አለፍ ስትሉ ግን መሬቱ ራሱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ቁልፉ ደግሞ በዋናነት የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የተነሣበትን ነጥብና እናንተ ሴቲንግ ውስጥ የሞላችሁለትን የከፍታ ቁጥር። ገደሉን፣ ንፋሱንና ባሕር ዛፉን ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው። እንቅፋት የሚያዩ ሴንሰሮች ያሏቸው ሞዴሎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በጉምና በምሽት አይታመኑም።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን እጅ ላይ ያለውን ዲጄአይ አስቤ ነው። ሌላ ዓይነት የያዛችሁ ማንዋላችሁን እዩ።

ሆም ፖይንት (ድሮኑ የሚመለስበት ነጥብ) ሳይመዘገብ ማንሣት

ሙሽሮቹ ቆመዋል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሚዜው «ቶሎ በል እንጂ!» ይላል። ድሮኑን ትከፍቱና ታነሡታላችሁ። ጂፒኤስ ግን ቦታውን ከነከፍታው ለማስላት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ሲግናል ይፈልጋል፤ 3ቱ ለቦታው፣ 4ኛው የተቀባዩን ሰዓት ለማስተካከል። ያ ደግሞ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። እኔ ከ10 በላይ ካላየሁ አላነሣም። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሚደርሰን ሲግናል በጣም ደካማ ነው፤ ገደል ግርጌ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ሥር ከቆማችሁ የሰማዩ ግማሽ ተሸፈነ ማለት ነው። የቀረውም ከድንጋዩ ነጥሮ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ ድሮኑ ያለበትን ቦታ በብዙ ሜትር ይስታል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲግናሉ ሳይጠነክር ካነሣችሁት ድሮኑ ሆም ፖይንት የሚመዘግበው ሲግናሉ በበቃው ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የት ነው ያለው? አየር ላይ፣ ምናልባትም ከገደሉ አፋፍ አልፎ። ስትጠሩት እዚያው ሄዶ ቁልቁል ይወርድላችኋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይሄኔ ነው። ሆም ፖይንቱ መመዝገቡን የሚናገረውን ድምፅ ጠብቁ፣ ከዚያ ማፑን ከፍታችሁ ነጥቡ የቆማችሁበት ቦታ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሚዜው ይጠብቅ።

የከፍታ ቁጥሩን ከሥሩ ካለው መሬት የተለካ አድርጎ ማሰብ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በትክክል እየሠራ ነው ድሮኑ የሚሰበረው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ከፍታ የሚለካው ከተነሣችሁበት ነጥብ ነው። ከባሕር ወለል አይደለም፣ ድሮኑ ሥር ካለው መሬትም አይደለም። የመመለሻው ከፍታም እንደዚያው።

ለምሳሌ አንኮበር አካባቢ ዳገቱ ሥር ቆማችሁ ድሮኑን ወደ ላይ አወጣችሁት እንበል። የኮረብታው ጫፍ ከነዛፉ ከእናንተ 105 ሜትር ከፍ ይላል፣ ከጀርባው ያለው ማሳ ደግሞ 80 ሜትር ላይ ነው። በ115 አለፋችሁ፣ ጥሩ። ከዚያ ማሳውን ለመቅረጽ ወደ 95 ዝቅ አላችሁ። የመመለሻ ከፍታችሁ 60 ላይ ነው ያለው፣ ከገዛችሁት ጀምሮ ነክታችሁት አታውቁም። አሁን የሪሞቱ ሲግናል ተቋረጠ፣ ድሮኑም በራሱ መመለስ ጀመረ። ድሮኑ ያስባል፦ «የታዘዝኩት 60 ነው፣ እኔ 95 ላይ ነኝ፣ ስለዚህ በቂ ነው»፤ ባለበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ ይመጣል። መንገዱ ላይ 105 ሜትር የሚደርስ ዛፍ አለ። ስክሪናችሁ ጠቁሯል፣ ምንም አታዩም።

ስለዚህ ከማንሣታችሁ በፊት በእናንተና ድሮኑ በሚሄድበት ቦታ መካከል ያለውን ረጅሙን ነገር ፈልጉ፤ ዛፍ ይሁን፣ የመብራት ምሰሶ ይሁን፣ ኮረብታ ይሁን። ከእናንተ አቋም ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ገምቱ፣ 20 ወይም 30 ጨምሩበት፣ ያንን ሙሉ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና። ዝም ብሎ ትልቁን ቁጥር መሙላትም መፍትሔ አይደለም፤ ከላይ ንፋስ አለ፣ መውጣትም ባትሪ ይበላል።

ከአፋፉ ቁልቁል መልቀቅ

የምኒልክ መስኮት ላይ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። ድሮኑን ከአፋፉ ያወጣና ወደ ታች ይለቀዋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሄዳል፦ -50፣ -120፣ -200። ቪዲዮው ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር በእናንተና በእሱ መካከል ዓለት ይገባል፣ የሪሞት ሲግናል ደግሞ ዓለት አልፎ አይሄድም።

ሲግናል ሲቋረጥ ድሮኑ በአብዛኛው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ እናንተ የሚዞረው። ከገደሉ ወገብ የበቀለ ዛፍ ወይም የተንጠለጠለ ድንጋይ ከላዩ ካለስ? ብዙዎቹ ትናንሽ ድሮኖች ወደ ላይ የሚያይ ሴንሰር የላቸውም። ሒሳቡንም እዩት። -200 ላይ ካለና የመመለሻ ከፍታው 60 ከሆነ 260 ሜትር መውጣት አለበት። በሰከንድ 4 ሜትር ቢወጣ 65 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ያውም ገና አንድ ሜትር ወደ እናንተ ሳይጠጋ።

መውረድ ካማራችሁ ከገደሉ ፊት ራቅ አድርጋችሁ፣ በዓይናችሁ እያያችሁት አውርዱት። «ሲግናል ሲጠፋ ምን ላድርግ» የሚለውን ሴቲንግም ቀድማችሁ እዩት፤ ይመለስ፣ ባለበት ይቁም ወይም ይረፍ የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ገደል ላይ «ይረፍ» ማለት ደህና ሰንብት ማለት ነው። ስክሪኑ ከጠቆረ ደግሞ በድንጋጤ ስቲኩን አትነካኩ፤ አንቴናውን ወደ ድሮኑ አዙሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ወጥቶ ሊገናኝ ይችላል።

ባትሪውን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ደቂቃ መቁጠር

ያ ደቂቃ የተለካው ንፋስ በሌለበት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ የመንዝ ጓሳ ከ3,000 በላይ። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መዞር አለበት። የጓሳን የጠዋት ብርድ ጨምሩበት። ባትሪውን ከጃኬታችሁ ሥር አድርጋችሁ ያዙት፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ንፋሱ አለ። ሲሄድ ከኋላ የገፋው ድሮን ሲመለስ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚመለስ ድሮን የ8 ሜትር ንፋስ ቢገጥመው የቀረው ፍጥነት 2 ሜትር ብቻ ነው። 600 ሜትር ርቀት ያለ ንፋስ 1 ደቂቃ ነበር፣ አሁን 5 ደቂቃ ሆነ። ባትሪ ሲያንስ በራሱ ልመለስ የሚለውም ሲስተም ይህን ሁሌም አስልቶ አይደርስበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ንፋሱን ፊት ለፊት ሂዱ፣ ሲመለስ ይገፋዋል። ግማሽ ባትሪ ላይ መመለስ ጀምሩ። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ «አንዲት ሾት ብቻ» ብላችሁ ካንስል አታድርጉት።

መኪና ኮፈን ላይ ማስነሣት

ጂፒኤስ ድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል እንጂ ፊቱ ወዴት እንደዞረ አይነግረውም። እሱን የሚያውቀው በኮምፓስ ነው፣ ኮምፓስን ደግሞ ብረት ያሳብደዋል። የመኪና ኮፈን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት፣ ሁሉም ያው ናቸው። ኮምፓሱ የተሳሳተ ድሮን ባለበት መቆም አቅቶት ክብ እየሠራ ይሄዳል።

ማረፉን ለእሱ መተው

ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ይስታል። ሜዳ ላይ ማን ግድ አለው፣ አፋፍ ላይ ግን 3 ሜትር ማለት ገደል ነው። ከታች ያለው ካሜራም በንፋስ የሚወዛወዝ የጓሳ ሣርና ውኃ ላይ ግራ ይጋባል። ድሮኑ ከአናታችሁ በላይ ሲደርስ መመለሱን አቋርጡና በእጃችሁ አሳርፉት።

ከተነሣችሁበት ከሄዳችሁ ደግሞ ሆም ፖይንቱ አብሯችሁ አይሄድም። ከመኪና ውስጥ ሆናችሁ የደብረ ሲናን መንገድ እየተከተላችሁ የምትቀርጹ ከሆነ በየመሀሉ ሆም ፖይንቱን ሪሞቱ ወዳለበት ቀይሩት።

ፈቃድና ሰው

ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ያለ ፈቃድ አይበረርም፤ የሚጠየቀው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ወረቀቱ ቢኖራችሁም ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌ ቀድማችሁ አናግሩ። በዚህ ዘመን እኛ አገር የድሮን ድምፅ ለገበሬው የሰርግ ድምፅ አይደለም፣ ልጆች ይሸሻሉ። ጭላዳዎቹንም ለቀቅ አድርጓቸው፤ ደንግጠው ወደ ገደሉ ነው የሚሮጡት። ጆፌ አሞራ ካያችሁ ደግሞ ቶሎ ራቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከጠፋስ? አፑን አትዝጉት። የመጨረሻው ቦታ ማፑ ላይ ተመዝግቧል፣ ስክሪንሾት አንሡት፤ ከፍታውን፣ ባትሪውንና ወዴት ይሄድ እንደነበረም ጻፉ። ከዚያ ወደ ገደሉ ራሳችሁ አትውረዱ። እዚያ ከብት የሚያግድ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከአባቱ ጋር ተነጋገሩ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ባትሪው አብጦ ወይም ተቀዶ ካገኙት እንዳይነኩት ንገሯቸው።