የራስህን ጥበብም የማስታወቂያ ሥራንም ይዘህ ለመሄድ

የማስታወቂያ ፎቶ እያነሳህ የራስህን ጥበብ ማሳደግ ትችላለህ። ፎቶግራፍ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን ተመልከት። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠርታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። የንጹህ ውኃ የረድኤት ድርጅቱ ዋተርኤይድ ያዘዛትን ሥራ ደግሞ አፋር ውስጥ ዳሎል ድረስ ወርዳ፣ ፊታቸውን ቀለም በተቀቡ ሴቶችና በደማቅ ልብስ ስለሠራችው፣ የድርጅት ትእዛዝ ቢሆንም ማን እንዳነሳው ከሩቅ ያስታውቃል። ለኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ ደንበኛው የሚመጣው ያንተን ዓይን ፈልጎ ይሁን።

ስለዚህ መጀመሪያ ማንም ያላዘዘህን፣ የራስህን ፎቶ አንሳ። አንድ ሐሳብ ያዝና ከ10 እስከ 15 ጠንካራ ፎቶ እስኪወጣው አትልቀቀው። ፖርትፎሊዮህን፣ ማለትም ለሰው የምታሳየውን የሥራ ስብስብ፣ ለሁለት ክፈለው። የማስታወቂያ ኤጀንሲ የብርሃን አጠቃቀምህን ያያል፣ ጋለሪ ግን ተከታታይ ሥራ ነው የሚጠይቅህ።

ከዚያ ውል። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ልጅ ይጎዳል። እኔም አንዴ በቃል ብቻ ተስማምቼ፣ ለፌስቡክ ብዬ ያነሳሁትን ፎቶ ቢልቦርድ ላይ አገኘሁት፤ ሳንቲም አልተጨመረልኝም። የምትሸጠው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ፎቶውን አይደለም። የት፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው አገር የሚለው ይጻፍ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል ሥራ አትጀምር። የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለጋለሪ የምታትመው ፎቶ ደግሞ ስንት ቅጂ እንደሚኖረው ወስን። 5 ካልክ 5 ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ 1/5 ብለህ ፈርም፣ ስድስተኛ እንዳታትም። ያንኑ ፎቶ ለማስታወቂያ ከመስጠትህ በፊትም ጋለሪውን አማክር።