የቆየ ኮምፒውተር የሲስተም ፋይሉ ሲበላሽ፦ ከፎርማት በፊት የሚደረግ

መብራት ድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ እየጻፈው የነበረው ፋይል በግማሽ ይቀራል። ጎንደር ውስጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው የቆየ ዴስክቶፕ «ዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) አልተገኘም» ሲል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ሲያወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ወደ ፎርማት ይሄዳል። ጥፋቱ የዲስኩ ወይም የራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሆነ ግን አዲስ የተጫነው ዊንዶውስም ተመልሶ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው ይፈተሽ፣ ፋይሉ ይከተላል።

ከታች ያለው ለዊንዶውስ 10 ነው። ትእዛዞቹን በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ፎቶና ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይህ ሳይሆን ምንም አትንኩ።

ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሃርድ ዲስኩን ጤንነት እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ቀጥሉ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ጥገናውን ትታችሁ ዲስኩን ቀይሩ። በደከመ ዲስክ ላይ ረጅም ፍተሻ ማስኬድ የቀረውንም ይጨርሰዋል።

ዲስኩ ደህና ከሆነ ሲኤምዲን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በቀኝ ክሊክ እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈቱና «ሲኤችኬዲኤስኬ ሲ: /ኤፍ» ብላችሁ ጻፉ። ሲጠይቃችሁ «ዋይ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። በ/ኤፍ ፋንታ /አር የሚሉ አሉ፤ እሱ እያንዳንዱን የዲስክ ክፍል ስለሚያነብ በቆየ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ችግር ላይ ችግር ነው፤ ያለ ዩፒኤስ አልመክረውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። «ኤስኤፍሲ /ስካንናው» የተበላሸውን ፋይል የሚተካው ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ካለው መጠባበቂያ ነው። ጎተራው ራሱ ከነቀዘ የሚዘራ ዘር የለም፤ ኤስኤፍሲም «አንዳንዶቹን መጠገን አልቻልኩም» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ መጠባበቂያውን አስቀድማችሁ ጠግኑ፦ «ዲአይኤስኤም /ኦንላይን /ክሊንአፕ-ኢሜጅ /ሪስቶርሄልዝ»። ከእያንዳንዱ / በፊት ክፍት ቦታ አለ፣ ከኋላው የለም። ቁጥሩ 20 በመቶ ላይ ወይም 62 አካባቢ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ እየሠራ ነው፣ አትዝጉት።

ይህ ትእዛዝ ንጹህ ፋይሎችን የሚያወርደው ከኢንተርኔት ነው። በቆዩ ማሽኖች ላይ የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ግንኙነቱ ስለማይሳካ አስቀድማችሁ ቀንና ሰዓት አስተካክሉ። ኔትወርክ ከሌለ የዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰኩ። ፍላሹ «ኢ» ከሆነ መጀመሪያ «ዲአይኤስኤም /ጌት-ዊምኢንፎ /ዊምፋይል:ኢ:\ሶርስስ\ኢንስቶል.ዊም» ብላችሁ እናንተ ጋ ያለው የዊንዶውስ ዓይነት (ሆም ወይም ፕሮ) በስንተኛ ቁጥር እንደተቀመጠ እዩ። ከዚያ በሪስቶርሄልዝ መጨረሻ ላይ «/ሶርስ:ዊም:ኢ:\ሶርስስ\ኢንስቶል.ዊም:6 /ሊሚትአክሰስ» ጨምሩ፤ በ6 ፋንታ ያያችሁትን ቁጥር አድርጉ። ፋይሉ በ«ኢኤስዲ» የሚያልቅ ከሆነ በ/ሶርስ ውስጥ ዊም የሚለውን በሁለቱም ቦታ፣ በ/ዊምፋይል ላይ ደግሞ የፋይሉን መጨረሻ ብቻ ኢኤስዲ በሉት። በ081ኤፍ የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ከመጣ ምንጩ አልተገኘም ወይም የፍላሹ ዊንዶውስ ከእናንተ ጋር አይመሳሰልም ማለት ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው «የተቀነሰ» ዊንዶውስ ለዚህ አይረባም፤ የሚፈለጉት ክፍሎች ወጥተውለታል።

ዲአይኤስኤም ሲጨርስ ኤስኤፍሲን አስኪዱ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ንጹህ ነው እስኪል ድገሙት። የጎደለውን ዲኤልኤል ለብቻው ከድረ ገጽ አውርዶ መለጠፍ አያስፈልግም፤ ቫይረስ የሚገባበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።

ዊንዶውሱ ጭራሽ ካልከፈተ ኮምፒውተሩን ከመጫኛው ፍላሽ አስነሱና (ቡት አድርጉና) ሺፍት ከኤፍ 10 ጋር ተጫኑ። እዚያ ውስጥ የ«ሲ» ስም ወደ «ዲ» ሊለወጥ ስለሚችል «ዲአይአር ዲ:» ብላችሁ የዊንዶውስን ፎልደር ፈልጉ። ከዚያ «ኤስኤፍሲ /ስካንናው /ኦፍቡትዲር=ዲ:\ /ኦፍዊንዲር=ዲ:\ዊንዶውስ» ይሆናል።

ኤስኤፍሲ በተደገመ ቁጥር ሌላ ሌላ ፋይል ተበላሽቷል ካለ ግን ዲስኩን ተዉትና ራሙን ጠርጥሩ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ራሙን አውጥታችሁ፣ ወርቃማ ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እየሰካችሁ «ኤምዲስኬድ» በሚለው የዊንዶውስ መፈተሻ ፈትሹ። ስህተት ያሳየው ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ ከዲአይኤስኤም ጀምራችሁ ድገሙት።