አንድ ኃይለ ሥላሴ፣ 48 አጻጻፍ፦ መምሪያ መንገድ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አማርኛ ውክፔዲያ ያለ መምሪያ መንገድ፣ ማለትም አንባቢን ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው በራሱ ከሚልክ ገጽ ውጭ፣ መኖር አይችልም። «ኃይለ ሥላሴ»ን ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ስ ሁለት ዓይነት፣ ሴ ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው ገጥሞ ይጽፈዋል። ስታባዙት 48 ይመጣል። ኧረ ሁሉንም ፍጠሩ ማለቴ አይደለም! ሰው በእውነት የሚጽፋቸው አራት አምስት ቢሆኑ ነው፤ እነሱ ይበቃሉ።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። አንዱ «የአድዋ ጦርነት» የሚል ርዕስ ያያል። «በዓይኑ ዐ ነው እንጂ!» ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ፣ መብቱ ነው። ግን ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ አዲስ ገጽ ላይ ይለጥፍና አሮጌውን መምሪያ መንገድ ያደርገዋል። ላይ ላዩን ምንም የጎደለ ነገር የለም። «ታሪክ» የሚለውን ስትጫኑ ግን ገጹን በሙሉ እሱ በአንድ ቀን የጻፈው ይመስላል፤ ለዓመታት ሌሊት እየተነሣ ዓመተ ምሕረቱን ሲያርም የኖረው ሰው ስም አሮጌው ገጽ ሥር ተቀብሮ ቀርቷል። የውክፔዲያ ፈቃድ ጸሐፊዎቹ እንዲጠቀሱ ያስገድዳል፣ ስማቸው ያለው ደግሞ እዚያው ታሪክ ውስጥ ነው። የገጹን ርዕስ የሚቀይረው ማዛወሪያ ለምን ተሠራ ታዲያ? ታሪኩን ይዞ ይሄዳል፣ አሮጌው ርዕስ ላይም መምሪያ መንገዱን ራሱ ይተክላል። በአዲሱ ርዕስ ሌላ ገጽ ስላለ ማዛወሪያው እምቢ ካላችሁ፣ አስተዳዳሪ ጠይቁ። አትለጥፉ!

ድርብ መምሪያ መንገድም አለ። «አድዋ ድል» ወደ «የአድዋ ጦርነት» ይልካል፣ ያ ደግሞ ወደ «የዓድዋ ጦርነት» ተዛውሯል እንበል። ሶፍትዌሩ የሚከተለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። አንባቢው አንዲት ቀስትና አንዲት ማያያዣ ያለባት ባዶ ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ገጽ ካዛወራችሁ በኋላ ወደ ገጹ የሚልኩትን የሚዘረዝረውን «ወዲህ የሚያያዝ»ን ከፍታችሁ የቀድሞዎቹን መምሪያ መንገዶች አስተካክሉ። እኔ አንድ ማታ አሥራ ምናምን ገጽ አዛውሬ፣ ይህን ረስቼ ለጥ ብዬ ተኝቻለሁ። ጠዋት «ገጹን የት አደረስከው?» የሚል መልእክት ጠበቀኝ።

በመምሪያ መንገድ ገጽ ውስጥ፣ ወዴት እንደሚልክ ከሚናገረው መስመር በላይ ምንም አትጻፉ፤ አይሠራም።

ጽሑፍ የሌለውን ወረዳ ወደ ዞኑ ገጽ አትምሩ። ማያያዣው ሰማያዊ ሲሆን የተጻፈ ይመስላል፣ የወረዳው ልጅም አይቶ ያልፈዋል። ቀይ ቢሆን ተናዶ ይጽፈው ነበር።

«መምሪያውን ላርም ብል ሌላ ገጽ ይወስደኛል» ለምትሉኝ ጀማሪዎች፦ ከርዕሱ ሥር በትንሹ የተጻፈችውን የድሮ ርዕስ ተጫኑ። እዚያ ናት።