ግራንት አልገኝ ላላችሁ ተመራማሪዎች፦ ችግሩ የት ጋ ነው?

ጥሩ ሐሳብ ይዘው የምርምር ገንዘብ፣ ማለትም ግራንት፣ ያጡ የጤናና የሳይንስ ተመራማሪዎች አገራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ለምን አላገኛችሁም ስትሏቸው «ሰው የለኝም» ወይም «ለኛ አይሰጡም» ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሳይንሱ ላይም ዘመድ ማጣቱ ላይም አይደለም። አፈላለጉ ላይ ነው፤ ወይም ማመልከቻው ከመከፈቱ ከወራት በፊት መያዝ የነበረበት ወረቀት ላይ። ይሄ ደግሞ የሚስተካከል ነገር ነው። ከታች የእናንተን ምልክት ፈልጉና እሱን አንብቡ፣ ሌላውን ዝለሉት።

«የማገኘው ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ወይም እኔን የማይመለከት ነው»

ምክንያቱ ዝርዝር ላይ መተማመን ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የግራንት ዝርዝሮች ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ የሚለጠፉ ናቸው፣ የሚያጣራቸው የለም። በተለይ ከ2025 ወዲህ የድሮ ዝርዝር ማመን ከባድ ነው። ዩኤስኤአይዲ በዚያው ዓመት ተዘግቷል። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ኤንአይኤችም በሜይ 2025፣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ካገኘው ግራንት ላይ ለውጭ አገር አጋሩ የሚያካፍልበትን የቆየ አሠራር እንደሚያቆምና በሌላ እንደሚተካ አስታውቋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የትብብር ገንዘብ ይመጣ የነበረው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

መፍትሄው፦ ከጥሪው፣ ማለትም «አመልክቱ» ከሚለው ማስታወቂያ፣ አትጀምሩ፣ ቀድሞ ከተሰጠው ገንዘብ ጀምሩ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። ፐብመድ የሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ግቡና በርዕሳችሁ ዙሪያ ባለፉት አምስት ዓመታት የታተሙ ጥናቶችን አውጡ፣ ከዚያ ውጤቱን ትታችሁ መጨረሻ ላይ «የገንዘብ ምንጭ» የሚለውን ክፍል ብቻ አንብቡ። ለምሳሌ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን ብትፈልጉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በተሠሩት ጥናቶች መጨረሻ ላይ የእንግሊዙ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዌልካም እና ኤንአይኤችአር የሚባለው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ደጋግመው ይመጡላችኋል። አሁን ለእናንተ በሽታ፣ በእናንተ አገር፣ በተግባር ገንዘብ ያወጣ ማን እንደሆነ አወቃችሁ። ስሙን፣ የግራንቱን ቁጥርና ዓመቱን በአንድ ኤክሴል ላይ መዝግቡ። ሃያ ጥናት ካያችሁ በኋላ የሚደጋገሙት ስሞች ከአራት ከአምስት አይበልጡም፤ የእናንተ እውነተኛ ዝርዝር እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ገንዘብ ሰጪዎቹ መዝገብ ሂዱ። የኤንአይኤች ሪፖርተር የሚባለው ክፍት መዝገብ ማን፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ዶላር እንዳገኘ ያሳያል፤ የፕሮጀክቱ አጭር መግለጫም አብሮ አለ። ወርልድ ሪፖርት የሚባለው ካርታ ደግሞ የብዙ ገንዘብ ሰጪዎችን መረጃ በየአገሩ ያወጣል፣ ኢትዮጵያን ስትነኩት የትኛው ተቋም ከማን ጋር እንደሚሠራ ይታያችኋል። ሁለቱም በነጻ ናቸው። እነዚያ አጭር መግለጫዎች ያሸነፈ ሐሳብ እንዴት እንደሚጻፍ ስለሚያሳዩ እኔ ከብዙ የፕሮፖዛል ሥልጠና የተሻሉ ናቸው እላለሁ።

«ላክሁ፣ ሳይገመግሙት መለሱት»

ይሄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የብቁነት ጉዳይ ነው፤ ሐሳባችሁን ያየው ሰው የለም። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ከኢትዮጵያ ሆነው ለመሙላት የሚደክሙ አሉ፣ ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። የአውሮፓ ኅብረት የሜሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ፌሎውሺፕ (ለተመራማሪው በግሉ የሚሰጥ ድጋፍ) በዜግነት አይከለክልም፤ ነገር ግን የመንቀሳቀስ ደንብ አለው፦ በአጠቃላይ ከጥሪው መዝጊያ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖራችሁበት አገር አስተናጋጅ ሊሆናችሁ አይችልም። ጀርመን ፒኤችዲያችሁን ጨርሳችሁ እዚያው ለመቀጠል ስታመለክቱ የሚጥላችሁ ይሄ ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ሰው ይጥላል። ብዙ ፌሎውሺፖች ከፒኤችዲ በኋላ ያለውን ጊዜ ይቆጥራሉ። ሰኔ 2011 የተመረቀ ሰው በእነሱ ቁጥር 2019 ነው የተመረቀው። ዲግሪያችሁ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን ብቻ ካለ ዩኒቨርሲቲው በሁለቱም አቆጣጠር የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፣ ጥሪው ሲወጣ የሬጅስትራር ወረፋ አይደርስላችሁም።

መፍትሄው አጭር ነው። ጥሪውን ስትከፍቱ መጀመሪያ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አንብቡ፣ አገር፣ ዲግሪ፣ ዓመት፣ አስተናጋጅ ተቋም እያላችሁ አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ። አንዱ ከጎደለ ወይም ካጠራጠራችሁ ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ጻፉ። ይመልሳሉ፤ ሥራቸው ነው። በሁለት መስመር ስለ ራሳችሁ፣ በሁለት መስመር ስለ ሐሳባችሁ፣ ከዚያ አንድ ግልጽ ጥያቄ። ከዚያ በላይ አታርዝሙት።

«ፕሮፖዛሉ አልቋል፣ ሲስተሙ ግን አላስገባ አለኝ»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚደርሰው ሥራውን በጨረሱ ሰዎች ላይ ነው። በትልልቅ ግራንቶች ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ተቋሙ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ለኤንአይኤች ተቋማችሁ ሳም ዶት ጎቭ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ዩኢአይ የሚባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ማውጣት አለበት፣ ከዚያ የማመልከቻ ድረ ገጹ ግራንትስ ዶት ጎቭ ላይ፣ ከዚያ ኢአርኤ ኮመንስ በሚባለው የኤንአይኤች ሲስተም ላይ ይመዘገባል። ኤንአይኤች ራሱ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ ይላል፤ ኔትወርክና ማኅተም የሚያስጠብቅበት ቦታ ላላችሁ እኔ ሦስት ወር በሉት እላለሁ። የሳም ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል፣ አምና ስለነበረ ዘንድሮም አለ ማለት አይደለም። ምዝገባው ነጻ ነው፣ «እኛ እናስመዘግባችሁ» ብሎ ዶላር የሚጠይቅ ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት።

ለአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ተላላፊ በሽታዎች ላይ የሚያተኩረውን ኢዲሲቲፒን ጨምሮ፣ የሚያስፈልገው ፒአይሲ የሚባል ባለ ዘጠኝ አሃዝ መለያ ነው። አዲስ ከማውጣታችሁ በፊት በኅብረቱ የማመልከቻ ፖርታል ላይ የተቋማችሁን ስም ፈልጉ፣ አንድ የሥራ ባልደረባችሁ ከዓመታት በፊት አውጥቶት ሊሆን ይችላል።

የሰዓቱ ነገር አይረሳ። የአውሮፓው ፖርታል የሚዘጋው በብራስልስ 17 ሰዓት ላይ ነው፤ በኛ አቆጣጠር በበጋቸው ምሽት 12፣ በክረምታቸው ማታ 1 ሰዓት። የኤንአይኤች ግን በአመልካቹ ተቋም የአካባቢ ሰዓት ነው፤ ተቋማችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል እያወቃችሁ ለመጨረሻው ቀን አታስቀምጡት።

«አስተናጋጅ ወይም ሜንተር የለኝም»

ብዙ ፌሎውሺፖች ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት የሚቀበላችሁን ቦታ ይጠይቃሉ። ኦደብሊውኤስዲ የሚባለው የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠው የፒኤችዲ ፌሎውሺፕ ሌላ ታዳጊ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ የቅድሚያ ቅበላ ደብዳቤ ይፈልጋል። ይሄ ደብዳቤ በሳምንት አይገኝም። ጥሪው ከመውጣቱ በፊት፣ ከላይ ያልኩትን ኤክሴል ስትሠሩ ካያችኋቸው ጥናቶች ደራሲዎች ለሦስቱ ጻፉ። ጅምላ ኢሜይል አትላኩ። የሰውየውን ወይም የሴትየዋን አንድ ጥናት አንብባችሁ በእሱ ላይ ጥያቄ ጠይቁ፣ የእናንተን ሐሳብ በአንድ ገጽ አያይዙ። አንድ ገጽ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ኤንአይኤችም ዋና ዓላማችሁን በአንድ ገጽ ነው የሚጠይቀው።

«የስነ ምግባር ፈቃድ ገና ስላልወጣልኝ ማመልከት አልችልም»

ብዙ ጊዜ ትችላላችሁ። ኤንአይኤች ለምሳሌ ይህን ፈቃድ የሚጠይቀው ግምገማው አልፎ ገንዘቡ ሊሰጥ ሲቃረብ ነው። ክሊኒካል ሙከራ ከሆነ ግን የብሔራዊ ገምጋሚ ኮሚቴውና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ጊዜ እንደሚወስድ በሥራ ዕቅዳችሁ ላይ በግልጽ አስገቡት። ገምጋሚው አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው የሚያውቀው በዚህ ነው።

«ስሜ በየጽሑፉ ይለያያል»

የኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለው አንዱ መጽሔት በአባት፣ ሌላው በአያት ይመዘግባችኋል፣ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ፊደሉ ይቀያየራል። ገምጋሚው ሲፈልግ ከስድስት ጽሑፋችሁ ሁለቱን ብቻ ያገኛል። ኦርሲድ በሚባለው የተመራማሪዎች መዝገብ ላይ ነጻ ባለ 16 አሃዝ መለያ አውጡ፣ ሁሉንም ጽሑፍ እዚያ ሰብስቡ፣ ከፓስፖርታችሁ ጋር የሚገጥመውን አጻጻፍ አንዴ ወስናችሁ በእሱ ጽኑ።

አሜሪካ ላላችሁ

ግሪን ካርድ ሳይኖራችሁ ኤፍ31 (ለፒኤችዲ ተማሪ) ወይም ኤፍ32 (ለድኅረ ዶክትሬት) በሚባሉት የኤንአይኤች ፌሎውሺፖች ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ከድኅረ ዶክትሬት ወደ ራስ ምርምር መሸጋገሪያ የሆነው ኬ99 የሚባለው ግራንት ግን ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው የድኅረ ዶክትሬት ልምዳችሁን ስለሆነ ዓመቱ ሳያልፍባችሁ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር ተነጋገሩ።

«ተገምግሞ ወደቀ»

አስተያየቱን ጠይቁ። ከላኩላችሁ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ አትጻፉ፣ ንዴቱ ይብረድ። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ በሁለት ክፈሉት፦ ያልገባቸውና ያልተስማሙበት። ያልገባቸው የአጻጻፍ ችግር ነው፣ በአንድ ሳምንት ይስተካከላል። «ዕቅዱ ሰፊ ነው» ካሏችሁ አምስቱን ወረዳ ሁለት አድርጉት፣ ሦስቱን ዓላማ ሁለት። «የመነሻ መረጃ የለም» ካሏችሁ ደግሞ በዩኒቨርሲቲያችሁ ትንሽ የውስጥ ገንዘብ ሠላሳ ወይም ሃምሳ ታካሚ ላይ ሥሩና በሚቀጥለው ዙር ይዛችሁት ቅረቡ።