ፀሐይ ላይ ውሎ ቀለሙ አልለቅ ያለ ውሃ

ኮምቦልቻ ውስጥ የማቅለሚያ እጣቢ በፀሐይና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለሚያጣሩ ሰዎች ስጠራ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ፌረስ ሰልፌቱ (የብረት ጨው ነው) ገብቷል፤ ፐርኦክሳይዱም ገብቷል። ገንዳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቶታል። ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ከሥሩ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ ተኝቷል።

ያን ዝቃጭ ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ከፍ ብሏል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ይህ ሥራ የሚሳካው ፒኤች 2.8 አካባቢ ነው። ከ4 ካለፈ ብረቱ ዝገት ሆኖ ይወርዳል። ቀለሙን የሚሰባብረው ሃይድሮክሲል ራዲካል እንደሚገባው አይፈጠርም። ፐርኦክሳይዱም በከንቱ ያልቃል።

አንዱን ወንድሜን «ለካኸው?» አልኩት። «አብሽር፣ ለክቸዋለሁ» ብሎ የፒኤች ወረቀቱን አሳየኝ። ወረቀቱ አሲድ ሲነካው ይቀላል፤ እውነትም ደም መስሏል። ግን ውሃው ራሱ ቀይ ነበር! ወረቀቱን ያቀላው ማቅለሚያው ነው። በሜትር ስለካው ከ6 በላይ አሳየ። እባካችሁ ባለቀለም ውሃ በወረቀት አትለኩ። ሜትር ግዙ፤ በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት።

ሜትር ያለውም ይሳሳታል። እጣቢው ውስጥ ሶዳ አሽ፣ አሲድን የሚያከሽፍ የማቅለሚያ ጨው፣ አለ። አሲዱ ሲነካው እንደ አምቦ ውሃ ይፍለቀለቃል። አሲዱ ያረፈበት ቦታ ላይ 3 ያነባል፤ ሲበጠበጥ 5 ይሆናል። ሰልፈሪክ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ አረፋው እስኪቆም ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። ብረቱ ከዚያ በኋላ ይግባ፤ ፐርኦክሳይዱ መጨረሻ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትጠቀሙ፤ ክሎራይዱ ራዲካሉን ይሻማል። አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኩት! መነጽሩን ግንባር ላይ መስቀል መልበስ አይደለም።

ፒኤቹ ልክ ሆኖ ከዘገየ ፐርኦክሳይዱን ጠርጥሩ። ጀሪካኑ ፀሐይ ላይ ከርሞ ከሆነ ደክሟል። ገንዳውን በመስኮት መስታወት ከሸፈናችሁት አንሱት፤ ከሚፈለገው ጨረር ይቀንሳል። የሐምሌ ደመና ከሆነ ጊዜ ስጡት።

ውሃው ነጣ ብላችሁ ቶሎ አትልቀቁት። ቀለሙ ሲጠፋ የማቅለሚያው ስብርባሪ ገና አላለቀም። ፀሐይ ላይ ይቆይ። የተረፈ ፐርኦክሳይድ ካለ የሲኦዲ (ውሃው ውስጥ የቀረውን ብክለት የሚለካ ምርመራ) ውጤቱን ከፍ አድርጎ ያሳስታችኋል፤ መኖር አለመኖሩን በፐርኦክሳይድ መለኪያ ወረቀት እዩ። ከዚያ በኖራ ፒኤቹን ወደ 7 መልሱት፤ ቀዩ ጭቃ ይዝቀጥ፤ ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ። ጭቃውን ቦርከና ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት። እዚያ ከብት ይጠጣል።