ሥራን ከድርጅታችሁ ውጭ ላለ አቅራቢ ስትሰጡ፦ ከፊርማው በፊት

ሥራ ከድርጅቱ ውጭ ላለ አቅራቢ ተሰጥቶ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋ አይመጣም፤ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ሰጪና ተቀባይ ለየብቻ ስለሚተረጉሙት ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሥራው ዛሬ በእናንተው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት፦ ማን ይጀምረዋል፣ በወር ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ የት ላይ ይበላሻል? የተዝረከረከ አሠራር ወደ ውጭ ስለወጣ አይስተካከልም፤ ለዝርክርክነቱም ጭምር ትከፍላላችሁ። ያንኑ ጽሑፍ ቢያንስ ለ3 አቅራቢዎች ስጡ። የአንዱ ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ከመደሰት በፊት የትኛውን ሥራ እንዳላካተተ ጠይቁት።

ጥራትን በቁጥር አስፍሩ። «ፈጣንና አስተማማኝ» የሚል ውል ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። ለምሳሌ የኮምፒውተር ሲስተሙ ከጊዜው 99.9 በመቶውን እንዲሠራ ከተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው መቋረጥ 43 ደቂቃ ገደማ ነው። መለኪያው በዓመት ከሆነ ግን 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ቢቋረጥም አቅራቢው ውል አላፈረሰም ማለት ነው። ከመቶኛው አጠገብ የሚለካበት ጊዜ፣ ማን እንደሚለካውና ሲጓደል ከክፍያው ምን ያህል እንደሚቀነስ ይጻፍ።

ክፍያውን ከርክክብ ጋር እሰሩት። ለምሳሌ 20 በመቶ ቅድሚያ፣ 70 በመቶ በየርክክቡ፣ 10 በመቶ ደግሞ ከመጨረሻው ርክክብ 30 ቀን በኋላ። በመሀል የሚመጣ ለውጥ ዋጋውና ቀኑ በጽሑፍ ሳይጸድቅ አይጀመር። በስልክ «እሺ» የተባለ ጭማሪ ሒሳብ ሲዘጋ ያጣላል። አቅራቢው ሥራውን ለሦስተኛ ወገን ለማስተላለፍም የእናንተን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ከአቅራቢው መለያየቱን ነው። የድረ ገጽ ስም፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ የመረጃ ቋት ከመጀመሪያው ቀን በድርጅታችሁ ስም ይመዝገቡ። በብዙ አገሮች ተቀጣሪያችሁ ያልሆነ ባለሙያ የጻፈው ኮድ ወይም የሠራው ዲዛይን፣ ባለቤትነቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ በስተቀር፣ ከፍላችሁበትም ቢሆን የሠሪው ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻውን 10 በመቶ ከመልቀቃችሁ በፊት ሥራውን የማያውቅ አንድ ሠራተኛ የተረከባችሁትን ሰነድ ብቻ ይዞ እንዲሠራው አድርጉ። ግራ ገብቶት የቆመበት ቦታ ሁሉ አቅራቢው ገና ያላስረከባችሁ ነው።